የወንድሜ ሽበትና የዘይት ሻጩ ኪኒን

ሽበት ያጠቁራል የተባለውን ኪኒን መጀመሪያ ያየሁት ከፍሬን ዘይት አጠገብ ተደርድሮ ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ የመኪና መለዋወጫ ከምንሸጥበት ሱቅ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሞተር ዘይት ሲሸጥ የኖረ ሰውዬ አለ። ገበያው ቀዝቀዝ ሲልበት፣ ዱባይ የሚመላለስ ዘመዱ ያመጣለትን ካርቶን አራግፎ መደርደሪያው ላይ ደረደረ። ትንንሽ ነጭ ብልቃጦች ናቸው። ላያቸው ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሏል፤ ከቅጠሉ ሥር ግማሽ ፀጉሩ ነጭ፣ ግማሽ ፀጉሩ ጥቁር የሆነ ፈረንጅ ይገለፍጣል። ሰውየው ትናንት ስለ ሞተር ሲለው የነበረውን ቃል አንዲት ፊደል ሳይቀይር ለሰው ራስ አዋለው። «ያድሳል» ይላል። «ከውስጥ ነው የሚያድሰው። ቀለም እንዳይመስልህ። ተፈጥሮ ነው፣ ቫይታሚን ነው።»

አንዱን አንስቼ ጀርባውን አነበብኩ። መዳብ፣ ዚንክ፣ ብረት፣ ከዚያ ደግሞ ስሙን ለመጥራት ምላስ የሚያስር የቅጠል ዓይነት።

«መዳብ ከሆነማ እኔ ጋ በሜትር አለ» አልኩት። «ሽቦ ልቁረጥልህና ያላምጡት።»

«አንተ ቀልድ። ይሄ ሳይንስ ነው።»

የዘይት በርሜል ሲያንከባልል የኖረ ሰው ሳይንስ ሲለኝ ምን እመልስለታለሁ? ብልቃጡን ቦታው መልሼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

እኔ ራሴ ሽበታም ነኝ። ሽበቴን አልወደውም፣ አልጠላውምም፤ እንደ ጉልበቴ ሕመም አብሮኝ የሚውል ነገር ነው። ሰው ቀለም ቢቀባም ግድ የለኝም። ሴቱም ወንዱም ይቀባል፣ ቀባሁ ይላል፣ አለቀ። የምንቀው ይህንን «ከውስጥ ነው» የሚሉትን ነገር ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት ፀሐይና አቧራ ሲበላው የኖረ ራስ፣ አንድ ፍሬ ኪኒን ሆድ ውስጥ ስለወረደች ተመልሶ የጎረምሳ ራስ ይሆናል የሚል ሰው፣ ወይ ይዋሻል ወይ እንዲዋሹት የሚፈልግ ደንበኛ አግኝቷል። ነገሩ ከዘይት ሻጩ ሱቅ ባይወጣ ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር። የመጀመሪያው ደንበኛ ግን የገዛ ወንድሜ ሆነ።

ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው፤ እናታችን ጋሼ ሳልል ከጠራሁት ምሳዬን ትከለክለኝ ነበር። ሶማሌ ተራ ውስጥ ጋሼን የማያውቅ ደላላ የለም። የሞተር ካንዴላ እጁ ላይ ሲያስቀምጡለት ዓይኑን ጨፍኖ የካንዴላውን ጥርስ በጥፍሩ ይቧጥጥና «ይሄ ፎርጅድ ነው፣ መልስ» ይላል። የፍሬን ሸራ አሽትቶ ከየት አገር እንደመጣ ይነግርሃል። ኦርጅናል ነው ብሎ ኮፒ ሊያስታቅፈው የመጣ አስመጪ ሁሉ፣ ከአንዱ በቀር፣ አፍሮ ተመልሷል።

ከዚህም ሌላ ጋሼ ሽማግሌ ነው። ሽርኮች ሲጣሉ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ለልጃቸው ሚስት የሚጠይቅ ሰው ሲፈልጉ ወደ እኛ ሱቅ ይመጣሉ። ጋቢውን ለብሶ ከፊት ሲሄድ ያ ጥጥ የመሰለ ራሱ፣ ገና አፉን ሳይከፍት፣ የነገሩን ግማሽ ይጨርስለታል። እንግዲህ ያንን ራስ ነው ሊያጠቁር የተነሳው።

አንድ ጠዋት ሱቅ ስገባ ከባንኮው ኋላ ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ውሃ ሲጠጣ አገኘሁት። ብልቃጡ ከካልኩሌተሩ ጎን ቆሟል።

«ምንህን ነው ያመመህ ጋሼ?»

«ምንም። ቫይታሚን ነው።»

«ምራቁን የዋጠ ሰው ደግሞ ይሄን ይውጣል?»

«አንተ ምን አለብህ» አለኝ። «ደንበኛው ሁሉ አባባ፣ አባባ ሲለኝ የምውለው እኔ ነኝ። ባለፈው አንዱ ጢሙን ያንዠረገገ ሰውዬ፣ አባባ እርስዎ ቁጭ ይበሉ፣ ልጅዎ ይሽጥልኝ ብሎ ወደ አንተ አልሄደም?»

ሄዷል። እኔም ያን ቀን ልጁ መባሌ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም። ቢሆንም ስለ አንድ «አባባ» ብሎ ጠዋት ጠዋት መዳብ መዋጥ ምን የሚሉት ነገር ነው? የባለቤቴ ዘመድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ደውዬ ጠየቅኳት። «ደሙን ይመርመርና የጎደለው ነገር ካለ ሐኪም ያዝለት» አለች። «ካልጎደለው ግን ትርፉን ሽንት ቤት ነው የሚያደርሰው። በዕድሜ የመጣን ሽበት የሚመልስ ኪኒን እኔ አላውቅም።» ይህንኑ ለጋሼ ነገርኩት።

«እሷ ስለማትሸጠው ነው» አለኝ። የመርካቶ ሰው ሲከራከር እንዲህ ነው፤ የሚናገረው ሁሉ የሚሸጠው ነገር ያለው ይመስለዋል።

ዘይት ሻጩ ሞኝ አይደለም። የጋሼ ራስ በተራው ሁሉ የታወቀ መሆኑን ያውቃል። አስቁሞ ፎቶ አነሳውና ስልኩ ላይ በከፈተው የገበያ ገጽ ለጠፈው። ከፎቶው ሥር «በፊት» ተብሎ ተጽፏል። ከጎኑ ባዶ ቦታ ተትቶለት ደግሞ «በኋላ፤ በቅርብ ቀን» ይላል። የወንድሜ ራስ ሊመረቅ እንደተቃረበ ሆቴል በቅርብ ቀን ተባለለት።

ወራት አለፉ። በቅርብ ቀን የተባለው አልመጣም። ጋሼ ያተረፈው ቃር ብቻ ነው። ሻጩ ግን መልስ አያልቅበትም፤ «መጀመሪያ ሥሩን ነው የሚይዘው» ይላል፤ ሲቆይ ደግሞ «ሻይ ያበዛሉ መሰለኝ፣ ሻይ ያከሽፈዋል» ይላል፤ ቀጥሎ «ያለ ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያው ዋጋ የለውም» ብሎ ሌላ ብልቃጥ ያስይዘዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ነገሩ የተራው መሳቂያ ሆነ። ወዛደሩ ጎማ ተሸክሞ ሲያልፍ «ጋሼ፣ በኋላ መቼ ነው?» ይላል። ደላሎቹ በየጠዋቱ መጥተው ራሱን ይመረምራሉ። እኔም ቀልዴን አልቆጠብኩም፤ አሁንም ቢሆን አይጸጽተኝም። በሚያስቅ ነገር ካልተሳቀ በምን ሊሳቅ ነው?

የእህታችን ልጅ ጉዳይ የመጣው በዚህ መሃል ነው። እህታችን ባሏ ከሞተ በኋላ አትክልት ተራ ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጠች ያሳደገችው አንድ ልጅ አላት። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ጨዋና ሥራ ወዳድ ነው። አማኑኤል አካባቢ ያለች ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። ችግሩ አባቷ ናቸው። የጎጃም ሰው ናቸው፣ እህል በረንዳ ጤፍ ሲነግዱ ኖረው አሁን ቤት የዋሉ፣ ቃላቸውን የማያጥፉ። ከዚያ በፊት ለልጃቸው የመጡ ሽማግሌዎችን ሁሉ ከደጅ መልሰዋል ይባላል። ልጅቷም ለእህታችን ልጅ ቁርጡን ነግራዋለች። «አባቴ እንቢ ካለ አበቃ፤ እሱን አስቀይሜ አላገባም» ብላዋለች።

እህታችን ሱቃችን መጥታ የዘይት ፊልትሮ ካርቶን ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «ይቺን ልጅ ካጣ ሌላ አያገባም፣ አውቀዋለሁ። የልጅ ልጅ ሳላይ መሞቴ ነው» አለች። ከዚያ ጋሼን ቀና ብላ አየችው። «ከእርስዎ በቀር ማን አለኝ?» አለችው። እሷ ታናሻችን ናት፤ አንተ ብላው አታውቅም።

ሐምሌ ውስጥ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሦስት ሆነን ሄድን። ጋሼ፣ እኔ፣ እና ጎረቤታችን ሐጂ። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ ከእኛ ሱቅ አጠገብ የመኪና ወንበር ልብስ ይሸጣሉ፤ ጢማቸውን በሂና ያቀላሉ። የጋሼ ሽምግልና ያለ ሐጂ አይሄድም፣ የሐጂም ያለ ጋሼ አይሄድም፤ ተራው ይህንን ለምዶታል። የልጅቷ አባት በሩን ከፍተው «ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉን። ገባን እንጂ አልተቀመጥንም። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ጋሼ ቆሞ የመጣንበትን ተናገረ። እንዲያ ሲናገር ወንድሜ መሆኑ ያኮራኛል፤ ቃል አያበዛም፣ አያጎድልም።

ሰውየው ጨርሰው ከሰሙ በኋላ ጋሼን አተኩረው ተመለከቱት።

«ልጁን አላውቀውም» አሉ። «ብጠይቅም መርካቶ የሚነግረኝን አላምንም። እርስዎን ግን አያለሁ። መርካቶ ውስጥ ሲነግድ ሸብቶ እንዲህ ተከብሮ የቆየ ሰው በሰው ልጅ ላይ አይዋሽም።»

«አልዋሽም» አለ ጋሼ። «ለልጁ እኔ ዋስ ነኝ።»

«ከዘመድ ልማከር። ፍልሰታ ሲፈታ ተመለሱ።»

ደስ ብሎን ወጣን። በእኛ ልማድ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም፤ ቀጠሮ መስጠት ግማሽ እሺታ ነው። በቀጠሮው ቀን ደግሞ ሽማግሌ አይቀየርም። ቃሉ የተሰጠው ለእነዚያ ሰዎች ነው፤ እነዚያው ሰዎች መመለስ አለባቸው።

መርካቶን ለማያውቅ ሰው ቀጥሎ የመጣው ነገር እብደት ይመስለዋል። መርካቶ ውስጥ መሸወድ ያለ ነው። የማይሸወድ ነጋዴ የለም። ተሸወድኩ ማለት ግን አይቻልም። የተሸወደ ሰው ፎርጅዱን ዕቃ መጋዘን ደብቆ «አሪፍ ዕቃ ነው፣ ወዲያው ነው ያለቀልኝ» ሲል ይኖራል። ተሸወድኩ ያለ ዕለት ከፊቱ ሁሉም ሊሸውደው ይሰለፋል። ካንዴላ በጥፍሩ የሚለይ ሰው ደግሞ፣ ወዛደር ሳይቀር እየሳቀበት፣ እንዴት ብሎ ነው ዘይት ሻጭ ሸወደኝ የሚለው?

ጋሼ ካፈርኩ አይመልሰኝ አለ። ፍልሰታው ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት ራሱ ጠቁሮ መጣ። ገና ከላስቲኩ እንዳልወጣ አዲስ ጎማ ነው የጠቆረው። ፀጉሩ ብቻ አይደለም፤ ከጆሮው በላይ ያለው ቆዳም ጠቁሯል። ኪኒን ከውስጥ ሲመጣ መንገድ ስቶ ጆሮ የሚያጠቁር ከሆነ እንጃ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ተራው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሰው ጋሼን እንደ ታቦት ከበበው። ከወር በፊት ሲስቅበት የነበረው ወዛደር ሳይቀር «የምር ነው እንዴ?» እያለ አፉን ከፈተ። ጋሼም ደረቱን ነፍቶ «ብያችሁ አልነበር? ከውስጥ ነው» ይላል። ዘይት ሻጩ እየሮጠ መጥቶ ፎቶ አነሳው፤ «በኋላ» የሚለው ባዶ ቦታ ሞላ። ሰውየው ቀለም መሆኑን አላወቀም ብዬ አላምንም። ከእሱ የበለጠ ማን ያውቃል? ግን ምን ተዳው! ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነውና፣ ከሰዓት በኋላ መደርደሪያው ላይ የቀረው የፍሬን ዘይት ብቻ ነበር።

ሐጂም መጡ። መጀመሪያ ዘይት ሻጩ ጋ ሄደው የኪኒኑ ልባስ ከምን እንስሳ ነው፣ ሐላል ነው ወይ ብለው ጠየቁት። «ቅጠል ነው፣ ሁሉ ነገሩ ቅጠል ነው» አላቸው። አላመኑትም። ወደ እኛ ሱቅ መጥተው ጋሼን ወደ ጎን ሳብ አደረጉት።

«ባለቤቴ በሽበቷ ትበሳጫለች። ቀለም ደግሞ ራሷን ያሳክካታል። እሱ ሲለኝ አላመንኩትም፤ አንተ በለኝ። በአላህ፣ ይሄው ኪኒን ነው?»

«እሱው ነው ሐጂ» አለ ጋሼ።

ዓይኑን እንኳ አላሸም። ሐጂ አመስግነውት ሄደው ለሚስታቸው ገዙ። እኔ የጎማ ብሎን ስቆጥር ነበር፤ ቆጠራው ጠፋብኝ። ያን ቀን ወንድሜን ናቅሁት። ቀለም በመቀባቱ አይደለም። አብሮት ለሠላሳ ዓመት የሰው ደጅ የቆመን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ መዋሸቱ ነው።

ሱቁ ጭር ሲል «ቀለም ነው» አልኩት።

«ከውስጥ ነው የመጣው።»

«ጆሮህም ከውስጥ ነው የጠቆረው?»

«ሐጂስ ጢማቸውን ያቀሉ የለ?» አለኝ።

«ሐጂ ሂና ነው ይላሉ። ቫይታሚን ነው ሲሉ ሰምተሃል?» አልኩት። «እሁድ የልጅቷ አባት ዘንድ እንሄዳለን። ሂድና ታጠበው ጋሼ። ባይለቅ እንኳ ተላጨው፤ ሐዘን ደርሶብኝ ነው በላቸው።»

«ከውስጥ የመጣ ነገር ይታጠባል እንዴ?» አለኝ፣ ፊቱን ሳይለውጥ። እኔን፣ በአንድ ባንኮ አብሬው የምውለውን! በጥፊ ልለው ቃጣኝ፤ ታላቄ ሆኖብኝ ተውኩት።

እሁድ ጠዋት ዝናብ ነበር። ከታክሲ ወርደን እስከ ልጅቷ ቤት ያለውን ቅያስ በእግር ወጣን። እኔና ሐጂ ጃንጥላ ይዘናል። ጋሼ ጋቢውን ተከናንቧል፤ ደጃፉ ላይ ስንደርስ ግን ሽማግሌ ተከናንቦ አይገባምና ገልጦ ትከሻው ላይ ጣለው። ሰውየው እስኪከፍቱልን ድረስ ከቆርቆሮው ጫፍ የሚወርደው ውሃ ራሱ ላይ ያንጠባጥብ ነበር።

የልጅቷ አባት በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ከሐጂ ጋር ተጨባበጡ፣ ከእኔ ጋር ተጨባበጡ፣ የጋሼን እጅ ይዘው ግን ከኋላው ወደ ደጅ ተመለከቱ።

«ታላቃችሁ የት ቀሩ? አመማቸው እንዴ?»

«እኔ ነኝ እኮ» አለ ጋሼ።

ሰውየው እጁን ለቀው አዩት። ቀና ብለው ራሱን፣ ዝቅ ብለው ፊቱን፣ እንደገና ራሱን አዩት። ከዚያ ዞረው ወደ ውስጥ ገቡ፤ እኛም ተከተልናቸው። በሐምሌው ቀን ተቀመጡ ሲሉን እንቢ ብለን ነው የቆምነው። አሁን ተቀመጡ የሚለን ጠፍቶ ቆምን።

«ምን ሆነው ነው?» አሉት።

«ቫይታሚን ነው» አለ ጋሼ፣ ሱቅ ውስጥ ሲለው የከረመውን። «ኪኒን ነው። ከውስጥ የሚያድስ፣ የተፈጥሮ ነው።»

የሰውየው ዓይን የጋሼ አንገት ላይ ቀረ። እኔም አየሁት። ከጆሮው ሥር ተነስቶ ጥቁር ውሃ በአንገቱ ወርዶ፣ ያ ነጭ ጋቢ ጥለቱ አጠገብ ጠቁሯል። እሱ አላወቀም።

«ባለፈው ስለ ልጁ የነገሩኝን እስቲ ይድገሙልኝ» አሉት።

ጋሼ ደገመው። «አይጠጣም። እጁ ንጹህ ነው። ሌላ ቦታ ሚስትም ልጅም የለውም። ለዚህ እኔ ዋስ ነኝ።»

«ይሄንንም ኪኒኑንም የነገሩኝ በዚሁ በአንድ አፍ ነው» አሉ ሰውየው። አልተቆጡም፤ እህል ሲገበዩ እንደሚጠይቁት ዓይነት ነው የጠየቁት። «የቱን ልመን?»

ከመጋረጃው ኋላ የቤቱ ሴቶች ሲንኮሻኮሹ ይሰማል። ልጅቷም እዚያ መሆኗን አውቃለሁ። የእህቴ ልጅ ትዳር በአንድ የዘይት ሻጭ ብልቃጥ ሊፈርስ ነው ብዬ አሰብኩ። ልናገር ፈለግሁ። ግን ዋስ እያለ ሌላ ሰው አይመልስም። ሐጂ ጢማቸውን ይዘው ቆመዋል።

ጋሼ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። «ከውስጥ» የሚለው ቃል ሊወጣ ሲል በከንፈሩ አወቅሁት። ሰውየው የሚያዩትን ለማየት እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ፤ ጣቱን አንስቶ ተመለከተው። ጠቁሯል።

«ቀለም ነው» አለ።

ጣቱን ጋቢው ላይ ጠረገው።

«ኪኒኑን ለወራት ዋጥኩት፣ ምንም አልሠራልኝ። ሰው ሳቀብኝ። ከዚያ ቀለም ገዝቼ ተቀባሁና ኪኒኑ ነው አልኩ።» ምራቁን ዋጠ። «ተሸወድኩ።»

ይህን ቃል ከወንድሜ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ያ አንዱ አስመጪ ቆርቆሮ ተራ ላይ ኮንቴይነር ሙሉ ፎርጅድ ዕቃ ሲያስታቅፈው እንኳ አላለም።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አሉ ሐጂ። «የኔዋ እኮ ዛሬ ጠዋትም ውጣለች!»

ሌላ ቦታ ቢሆን መሬት ላይ ተንከባልዬ እስቅ ነበር። እዚያ ግን ጋሼ ወደ ሐጂ መዞር አቅቶት መሬት መሬት ሲያይ፣ መሳቁን ተውኩት።

«ስለ ልጁ ያልኩት ግን እውነት ነው» አለ ለሰውየው። ድምፁ አንሷል። «አባቱ ከሞተ ጀምሮ እጄ ላይ ነው ያደገው። የእኔን ውሸት በእሱ ላይ አይቁጠሩበት። ከፈለጉ እኔ ልውጣና ሌሎቹ ይጨርሱ።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል።

«ተቀመጡ» አሉ ሰውየው በመጨረሻ።

ተቀመጥን። ስለ ሠርጉ ወር፣ ስለ ቤተ ዘመድ፣ ሰው የሚጠይቀውን ሁሉ ጠየቁ። ጋሼ የተጠየቀውን ብቻ እየመለሰ፣ ጋቢውን የጠቆረበትን በኩል ወደ ውስጥ አጥፎ ተቀምጧል። ሲያበቁ ሰውየው ጉልበታቸውን መታ አደረጉ።

«ልጁንም እኔ በበኩሌ አስጠይቄዋለሁ፤ እንዳላችሁት ነው» አሉ። «ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ከመጋረጃው ኋላ እልልታው ቀለጠ። እኔ የእህቴን ፊት አሰብኩ። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ ተነፈሰ።

እሺታ ሲገኝ ልጅቷ ትጠራና ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ይመርቃታል። ማን ይመርቅ ተብሎ አይጠየቅም፤ የታላቅ ነው። ልጅቷ ነጠላዋን ተከናንባ ገብታ፣ እጅ ነስታ መሃላችን አቀርቅራ ቆመች። ጋሼ ተነሳ። እኛም ተነሳን። ጋቢውን አስተካክሎ ሁለት እጁን ከፍ አደረገ። ምርቃት ያውቅበታል፤ ከሌላ ተራ ድረስ ለምርቃቱ ብለው የሚወስዱት ሰው ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅርታዎን» አሉ የልጅቷ አባት ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ ይመርቁልኝ።»

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። እኛ ቤት ታላቅ ቆሞ ታናሽ አይመርቅም። አባታችን ከሞተ ወዲህ በዓል ሲሆን፣ ልጅ ሲዳር፣ ለቅሶ ሲወጣ፣ ባለበት ሁሉ የሚመርቀው ጋሼ ነው፤ እኔ አንድም ቀን አፌን ከፍቼ አላውቅም። ስንት ወር ሙሉ የቀለድኩበት ጋሼ ቢቆጣ ምንኛ ደስ ባለኝ! በቁጣ ጥሎ ቢወጣ፣ ለሰውየው አጸፋውን ቢመልስላቸው፣ እኔን እንኳ ቢሰድበኝ። ዞር ብዬ አየሁት።

እጆቹ እንደተነሱ ናቸው። ከዚያ መዳፎቹን ወደ ላይ ገልብጦ ደረቱ ዘንድ ዝቅ አደረጋቸው፤ ከልጅቷ ጎን ራሱን ደፍቶ፣ እንደሚመረቅ ሰው ጠበቀኝ።

ያባታችንን ምርቃት ነው የጀመርኩት፤ ሌላ አላውቅም። «ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «ክፉ አይንካችሁ። አንድ ላይ አርጁ፤ እግዚአብሔር ለሽበት ያብቃችሁ።»

«አሜን» አለ ወንድሜ፣ ከሁሉም ቀድሞ።